ስካይላይን ድራይቭ ላይ ከእናቴ ጋር ድንኳን ውስጥ ማደር፦ የሄዳችሁበት ንገሩኝ

የደብረ ብርሃኗ
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታልኛለች። ሞል ለሞል መዞር ሰልችቷት «እዚህ አገር ተራራ የለም እንዴ?» አለችኝ። ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ቅጠሉ ሲቀላ ስካይላይን ድራይቭን፣ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለውን የተራራ መንገድ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነድተን ሁለት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ልናድር አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እሷ። ጉልበቷን ያማታል። የት ብናድር ይሻላል? ቡናስ እዚያ ማፍላት ይቻላል? ያለ ቡና ንቅንቅ አትልም። ድብ አለ የሚሉትስ?

ሲልቨር ስፕሪንግ
ድቡ አለ። እኔ ግን እናቴን መሬት ላይ አላስተኛም። ሎጅ ያዢላት።

የድሮ ባለታክሲ
ሎጁ ጥሩ ነው፤ ግን በኦክቶበር ዋጋው አይቀመስም።

እህቴ፣ በመጀመሪያ «ከጫፍ እስከ ጫፍ» የሚለውን ተዪው። መንገዱ 105 ማይል ነው፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ35 ማይል አይበልጥም። ቆም ብለው የሚያዩበት ቦታ ወደ 70 ይጠጋል። ለመጨረስ ከተጣደፋችሁ የምታዩት የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት ነው። ዕድሜዬን ስጣደፍ ነው የኖርኩት፤ እዚያ ስሄድ ግን ማንም አያጣድፈኝም።

በ66 አውራ ጎዳና ወጥታችሁ በሰሜኑ መግቢያ በፍሮንት ሮያል ግቡ። ቅዳሜ ከሆነ በጠዋት፣ ሰልፉ ሳይረዝም። ለመኪና 30 ዶላር ነው፣ ሳምንት ያገለግላል። ነዳጅ ከመግባታችሁ በፊት ሙሉ፤ ውስጥ ያለው ማደያ ከሰሜኑ መግቢያ ሲቆጠር ማይል 51 ላይ ብቻ ነው። ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም፣ ካርታውን ቤት ሆነሽ አውርጂ።

ሁለቱንም ሌሊት ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ካምፕ እደሩ። ሻወር አለ፣ ሱቅ አለ፣ ሜዳው ላይ አጋዘን ስለሚግጥ ልጆቹ አይሰለቹም። ቦታው በኢንተርኔት ቀድሞ ነው የሚያዘው፣ ዛሬውኑ ሞክሪ። ስድስት ማይል አለፍ ብሎ ሉዊስ ማውንቴን የሚባል ትንሽ ካምፕ አለ። በ1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ብቻ የተከለለ ነበር። ሌላው ካምፕ ለእነሱ አይፈቀድም ነበር ማለት ነው። አሁን ማንም ያድርበታል። እኔ ሳልቆም አላልፈውም።

ስለ ከፍታው አታስቢ። የመንገዱ ጣሪያ 3,680 ጫማ ነው፣ ወደ 1,120 ሜትር። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። እናታችን ወደ ቆላ ወረድኩ ነው የሚሉት! ለጉልበታቸው ማይል 43 ላይ ያለው ሊምበርሎስት የሚባል የእግር መንገድ ይስማማቸዋል፤ ደልዳላ ነው፣ ዙሩ 1.3 ማይል። ዳርክ ሆሎ ፏፏቴን ግን ልጆቹን አባታቸው ይውሰዳቸው። መውረዱ ቀላል ነው፣ መመለሻው ዳገት ነው።

ቡናው ይፈላል። ከሰሉ ግን ለእሳት በተሠራው ቦታ ላይ ብቻ ነው። ማገዶ ከቤት አትጫኚ። የዛፍ ተባይ ይዞ ስለሚገባ ክልክል ነው፤ እዚያው ይሸጣል።

ድቡ ምግብሽን እንጂ አንቺን አይፈልግም። ጭኮ፣ ሽሮ፣ የልጆቹ ከረሜላ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር ድንኳን ውስጥ እንዳያድር። መኪና ውስጥ ይቆለፍበት፣ ወይም ካምፑ ባስቀመጠው የብረት ሳጥን ውስጥ ይግባ።

የደብረ ብርሃኗ
እግዜር ይስጥልኝ! አነበብኩላት። «ቆላ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቋን ለቀቀችው። ጋቢዬ ይበቃኛል እያለች ነው። ይበቃል?

የድሮ ባለታክሲ
ጋቢው ይደረብ እንጂ ብቻውን አይሆንም። ሌሊት ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል፣ ብርዱም ከታች ነው የሚመጣው። የሚታጠፍ አልጋ ግዢላቸው፣ ላዩ ላይ ስፖንጅ ይነጠፍበት። ከወለሉ መነሳት ለጉልበታቸውም ከባድ ነው። ጠዋት ጭጋግ ከሆነ እስኪገልጥ ቡናችሁን ጠጡ፤ መብራት አብርቶ መንዳቱ ምንም አያሳያችሁም።

ሻርለትስቪል
ቀን ከተረፋችሁ በስተደቡብ በሮክፊሽ ጋፕ ውጡ። ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ የሚባለው የተራራ መንገድ ከዚያው ይቀጥላል። ጠቅላላው 469 ማይል ነው፣ መግቢያ አይከፈልበትም። ወደ ኖርዝ ካሮላይና ለመዝለቅ የሚያስብ ግን አስቀድሞ የተዘጋ መንገድ መኖሩን ይይ፤ የ2024ቱ ሄሊን አውሎ ነፋስ ብዙ ቦታ አፍርሶታል። ለእናንተ ስድስት ማይል ያህል ብቻ ይበቃል፣ እስከ ሀምፕባክ ሮክስ። የድሮ የተራራ ገበሬ ግቢ እንዳለ ይታያል፦ የግንድ ቤት፣ የዶሮ ቤት፣ ድብ እንዳይገባበት ተደርጎ የተሠራ የአሳማ በረት። እናትሽ አጥሩን አይተው አስተያየት ሳይሰጡ አይቀሩም።