ኪው ኤ ልማር ብዬ ቀብድ ተጠየቅኩ፤ እስከ ሐሙስ መልስ ስጡኝ

ማለዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ፈቃዴ ከመጣ አራት ወሩ ነው። እስካሁን መጋዘን ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ዕቃ አሽጋለሁ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ የሶፍትዌር ጥራት ፍተሻ፣ ኪው ኤ የሚሉትን፣ በአሥር ሳምንት የሚያስተምር ቦታ ጠቆመችኝ። አስተማሪዎቹ በሙያው ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው ይላሉ። ክፍያው ከሁለት ወር ኪራዬ ይበልጣል፤ ግማሹን እስከ ሐሙስ ቀብድ አስገቢ አሉኝ። ኮድ መጻፍ አያስፈልግሽም፣ ሲቪሽንም እኛ እናስተካክልልሻለን አሉ። እንዴት ነው የምታስተካክሉት ስላቸው "የሦስት ዓመት ልምድ እንጨምርበታለን"። ሐሳቤ እዚያ ላይ ተሰናከለ። ወንድሜ ደግሞ በዚህ ወር የትምህርት ክፍያ ከእኔ ይጠብቃል። ቀብዱን ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ? ዘርፉን የምታውቁ ንገሩኝ።

ስንዱ፦
እህቴ፣ እንኳን ሳትከፍዪ ጠየቅሽ። መጀመሪያ አይኤስቲኪውቢ የሚባለውን የፈታሾች ሰርተፍኬት እዪ። የመጀመሪያ ደረጃው ፈተና 40 ጥያቄ አለው፣ ጊዜው 60 ደቂቃ ነው፣ 26 ከመለስሽ አለፍሽ። የፈተናው ቋንቋ አፍሽን የፈታሽበት ካልሆነ 15 ደቂቃ ይጨመርልሻል። ይህን ስትመዘገቢ ራስሽ ጠይቂ፤ እኔ ሳልጠይቅ ገብቼ የመጨረሻዎቹን አምስት ጥያቄዎች በጭፍን ነው የመታሁት። የትምህርቱ ሰነድ ከድርጅቱ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል፣ የናሙና ፈተናዎችም አብረውት አሉ። በ2023 የወጣውን 4.0 ያዢ፤ ሰው የሚቀባበለው አሮጌው ነው። ኮርስ ሳይወስዱ መፈተን ይቻላል።

የሌሊት ወፍ፦
ሰርተፍኬቱ እኔም ጋ አለ። ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። "ኮድ አያስፈልግም" የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። በእጅ መፈተን ትጀምሪያለሽ፣ ግን ማስታወቂያዎቹን ብታዪ ሴሌኒየም ወይ ፕሌይራይት የሚባሉትን፣ ፍተሻን በራሱ የሚያስኬዱ መሣሪያዎች፣ የማይጠይቅ ጥቂት ነው። ያ ኮድ ነው።

ጋሽ ፈታሽ፦
ልጄ ማለዳ፣ በዚህ ሥራ 14 ዓመት ሆኖኛል፤ አሁን ሰው የምቀጥርም እኔ ነኝ። ስለ ክፍያው ከማውራቴ በፊት ሥራው ምን እንደሆነ ላሳይሽ፤ ከወደድሽው ሌላው ይደረስበታል።

አንድ ፎርም ዕድሜ ይጠይቃል እንበል፤ ከ18 እስከ 65 ይቀበላል። ምን ታስገቢያለሽ? አዲስ ሰው ሁሉ 30 ብሎ ያስገባል፣ ይሠራል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ፈታሽ ግን ድንበሩ ላይ ነው የሚቆመው፦ 17፣ 18፣ 65፣ 66። ምክንያቱም ኮድ ጸሐፊው "ይበልጣል" እና "ይበልጣል ወይም እኩል ነው" የሚሉትን የሚያምታታው እዚያ ነው። ከዚያ ባዶውን፣ ፊደል፣ ከዜሮ በታች፣ አሥራ ስምንት ተኩል። በ30 እና በ40 መካከል ያለውን ሁሉ መሞከር ግን ጉልበት ማባከን ነው፤ አንዱ ከሠራ ሌላውም ይሠራል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ስሜን በፊደላችን የስም ሳጥን ውስጥ ጻፍኩት። እዚያ ክፍል ማንም ያላሰበው ነገር ነበር። ስሜ ከነአያቴ ተቆርጦ ተመለሰ። ሳጥኑ 30 ይቀበላል ተብሎ ነበር፣ ግን የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት፣ ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚያስቀምጥበትን ትንሽ መለኪያ፣ ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ፊደልን ለኮምፒውተር በሚመዘግብ ሥርዓት የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ይይዛል። ስለዚህ ለእኛ ሳጥኑ አሥር ፊደል ብቻ ነበር። አለቃዬ ይህን ካየ በኋላ ነው ሰው አድርጎ የቆጠረኝ።

ከባለሙያ መማር ከፈለግሽ የፋየርፎክስ ሠሪዎች የስህተት መዝገብ፣ ባግዚላ፣ ለማንም ክፍት ነው። ግቢና አንብቢ። ጥሩ ዘገባ ርዕሱ ላይ የተበላሸውን ይናገራል፤ ቀጥሎ በየትኛው ብራውዘር፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚደገም፣ ምን እንደተጠበቀና በምትኩ ምን እንደሆነ። ከታች ደግሞ ሠሪውና ፈታሹ ሲከራከሩ ታያለሽ። ትምህርቱ ያ ክርክር ነው።

(አንድ ጊዜ ለእናቴ በስልክ "ቀኑን ሙሉ ባግ ስፈልግ ዋልኩ" ብላት፣ የሶፍትዌር ስህተት ማለቴ ነበር፣ በግ መስሏት "ምነው ልጄ፣ ሰው አገር ሄደህ እረኛ ሆንክ?" ብላ አለቀሰች።)

የትነበርሽ፦
ጋሼ ሆዴን አባቡት። እኔም እናቴ እንዲህ ነበረች። ስልኩ ሲቋረጥ ቁጭ ብዬ ስክሪኑን ነበር የማየው። ማለዳዬ፣ ስለ ሶፍትዌሩ አላውቅም፣ ስለ ወንድምሽ ግን ልናገር። እውነቱን ንገሪው። እኔ ስንት ዓመት "ደህና ነኝ፣ እልካለሁ" እያልኩ ተበድሬ እየላክሁ ኖሬ፣ ገንዘቡን ከዛፍ የማወርድ መሰላቸው። አንድ ወር ዘገየሁ ብለሽ ብትነግሪው የሚቀየም ወንድም ወንድም አይደለም።

ባይተዋሩ፦
ሁላችሁም ደህና ሥራ ላይ ቁጭ ብላችሁ ትሰብካላችሁ። እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ እኔ ሁለት ዓመት ጨምሬ ነው የገባሁት። ሥራውን እዚያው ተማርኩት። ይኸው አምስት ዓመቴ፣ ማንም አልያዘኝም። ጀማሪ እንፈልጋለን ብሎ የሦስት ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ማስታወቂያስ ውሸት አይደለም? ውሸትን በውሸት ነው የመለስኩት።

ስንዱ፦
ወንድሜ፣ ከሰባቱ የፍተሻ መርሆዎች የመጀመሪያውን ታውቀዋለህ፦ ፍተሻ ስህተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን አያረጋግጥም። አለመያዝህም እንደዚያው ነው።

ባይተዋሩ፦
ሰርተፍኬት ያለው ሰው መልስ አያጣም።

ጋሽ ፈታሽ፦
ከወንበሩ ማዶ ምን እንደሚታይ ልንገራችሁ። ሰው ስጠይቅ "ያገኘኸውን አንድ ስህተት ንገረኝ፣ ማን ስህተት አይደለም ብሎ ተከራከረህ?" እላለሁ። አንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ልጆች መጡ፣ ሁለቱም የእኛ ልጆች። ሁለቱም የባንክ ሥራ ነበረን አሉ። ሁለቱም ሦስት ስህተት አገኘን አሉ፣ ያው ሦስቱን፣ በያው ቅደም ተከተል፣ ቃል በቃል። ሁለተኛዋ ስትናገር አብሮኝ የነበረው ባልደረባ ማስታወሻውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው፤ ማክሰኞ የጻፈው ነው። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ የእኛን ስም የያዘ ሲቪ በመጣ ቁጥር እያዩ ይጠይቁኛል፦ "ይኼኛውስ?" ባይተዋሩ፣ አንተ ገባህ፣ እሺ። በሩን ለሚቀጥለው ያጠበበው ግን ማን ነው?

ባይተዋሩ፦
ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ከ14 ዓመት በፊት ሲገቡ በሩ ወለል ብሎ ነበር። በሩን ያጠበብኩት እኔ አይደለሁም፣ ጠቦ ነው የደረስኩበት። ለሁለቱ ልጆችም አዘንኩ እንጂ አልፈረድኩም፤ ማን ያውቃል፣ የስንት ሰው ቀለብ ትከሻቸው ላይ ነበር።

የሌሊት ወፍ፦
እዚህ ላይ ባይተዋሩ ልክ ነው። እኔ ሳልዋሽ ስንት ቦታ አመልክቼ አንድም አልደወለልኝም። እውነት ተናግሮ መራብ ጌጥ አይደለም።

ስንዱ፦
ቀጣሪ የድሮ መሥሪያ ቤትን ደውሎ ማጣራት ይችላል፤ ከዓመት በኋላም ውሸቱ ሲወጣ ማባረር ይችላል። ወረቀቷ ገና ያልደላደለ ልጅን ይህን ምከሯት ማለት...

ባይተዋሩ፦
ምከሯት አላልኩም! እኔ ያደረግሁትን ነው የነገርኳት። አንብቢው።

የትነበርሽ፦
ልጆች፣ በስመ አብ በሉ። ልጅቷን አስደነገጣችኋት።

ማለዳ፦
አልደነገጥኩም እትዬ፣ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ጋሽ ፈታሽ፣ እርስዎ ያሉትን ካነበብኩ በኋላ የትምህርት ቤቱን የመመዝገቢያ ፎርም ከፍቼ ሞከርኩት። ስሜን በፊደላችን ስጽፍ የመጣልኝ ማረጋገጫ ላይ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። የልደት ቀን ላይ ፌብሩዋሪ 30 ብዬ አስገባሁ፣ ተቀበለኝ። የእኛ የካቲት ቢሆን እሺ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ "የምዝገባ ፎርም ችግር አለበት"። ልክ ነው?

ጋሽ ፈታሽ፦
ጎበዝ! ርዕሱ ግን ምንም አይነግረኝም። "የምዝገባ ፎርም ፌብሩዋሪ 30ን እንደ ልደት ቀን ይቀበላል" በይ። የስሙን ለብቻው ጻፊ፤ ሁለት ስህተት በአንድ ዘገባ አይገባም፣ አንዱ ሲስተካከል ሌላው አብሮ ይዘጋል። ብራውዘርሽ የትኛው ነው? ስልክ ነው ኮምፒውተር?

ባይተዋሩ፦
ፎርሙን የሠሩት አስተማሪዎቹ አይደሉም፣ ገዝተውት ነው። ደግሞ ቀኑ ቀላል ስህተት ነው። ማን ፌብሩዋሪ 30 ይወለዳል?

ጋሽ ፈታሽ፦
ፍተሻ እናስተምራለን የሚሉ ሰዎች የገዙትን አይፈትሹም? ክብደቱም የሚለካው ቀኑ ቀጥሎ የት እንደሚሄድ ታይቶ ነው። መታወቂያ ላይ ቢታተምስ?

ስንዱ፦
ለእኔ የስሙ ይብሳል። ሰው ስሙን አጥቶ ነው የተመዘገበው።

ባይተዋሩ፦
ክብደትና ቅድሚያ ይለያያሉ፤ ክብደት የጉዳቱ መጠን ነው፣ ቅድሚያ ደግሞ ምን ያህል ቶሎ መስተካከል እንዳለበት። ክብደቱ ትልቅ ሆኖ ቅድሚያው ዝቅ ሊል ይችላል፤ በፊደላችን የሚጽፍላቸው ስንት ሰው አለ?

ጋሽ ፈታሽ፦
አንተን ጨምሮ? በል እንግዲህ እዚህ ላይ እንከራከር...

ማለዳ፦
ስልክ ነው ጋሼ፣ ክሮም። ለሁለት ከፍዬ እጽፈዋለሁ። ለወንድሜም ደወልኩ፣ እትዬ የትነበርሽ፣ አልተቀየመም።

ግን እኔ የጠየቅኩት የሐሙሱን ነበር። ነገ ነው እኮ።