የበጎ አድራጊ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ከመግዛታችን በፊት ምን እናጣራ?

ጣና ዳር፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሥራች የሕይወት ታሪኩን አሳትሞ ባሕር ዳር ላይ ሊያስመርቅ ነው። የመሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች ማኅበር 200 ቅጂ እንዲገዛ ተጠይቋል። ሰውየው በደቅ ደሴትና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ትምህርት ቤት ሠራሁ፣ የእጅ ፓምፕ አስተከልኩ፣ እምቦጭ የሚባለውን የውኃ አረም አስነቀልኩ ይላል። ጀርባው ላይ «ገቢው ሙሉ በሙሉ ለበጎ ሥራ ይውላል» የሚል ተጽፏል። ገንዘቡ የሠራተኛው መዋጮ ስለሆነ ምን እንጠይቅ?

ሒሳብ ሹም፦
ማተሚያ ቤቱን ማን ከፈለ? የሽያጩ ገንዘብስ በማን ስም በተከፈተ ሒሳብ ይገባል? ድርጅቱ ለኅትመት ከፍሎ ትርፉ ለደራሲው ከሄደ ለችግረኛ የተለገሰ ብር የግል ንግድ ማስኬጃ ሆነ ማለት ነው።

በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን ትምህርት ቤት ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ግሬግ ሞርተንሰን የተያዘው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው መጽሐፉ በ2011 በጋዜጠኞች ተመረመረ፤ በ2012 ደግሞ የሞንታና ግዛት ዐቃቤ ሕግ የምርመራ ውጤቱን አወጣ። ድርጅቱ መጽሐፎቹን በልገሳ ገንዘብ እየገዛ ያድል ነበር፣ የደራሲነት ክፍያው ግን ለሰውየው ይገባ ነበር። ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲመልስ ተስማማ። ቦርዱ እሱን ጨምሮ ሦስት ሰው ብቻ ስለነበር የሚጠይቀው አልነበረም። ትምህርት ቤቶች መሥራቱ ግን እውነት ነው፤ ሰው ቶሎ ያልጠረጠረውም ለዚህ ይመስለኛል።

እኛ ዘንድ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 (ዓ.ም.) መሠረት ድርጅቱ በየዓመቱ የሥራና የኦዲት ሪፖርት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያቀርባል፤ የአስተዳደር ወጪውም ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የኦዲቱን ቅጂ ጠይቁና «ግንዛቤ ማስጨበጫ» የሚለውን መደብ በዝርዝር እዩት። የመሥራቹ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴልና የመጽሐፍ ማስታወቂያ የሚደበቀው ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው።

ውኃና ግንባታ፦
አራት ክፍል ያለው አንድ ብሎክ የጨመረም፣ ጣሪያ የቀየረም፣ ዴስክ የሰጠም «ትምህርት ቤት ሠራሁ» ይላል። የቀበሌውን ስም፣ ርክክብ የተደረገበትን ዓመትና የርክክብ ቃለ ጉባኤውን ተቀበሉና ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አስተያዩ። ደቅ ላይ ከሆነ ሲሚንቶውም ቆርቆሮውም የሚደርሰው በጀልባ ነው። የጀልባ ጭነትና የወደብ ማውረጃ የሌለበት የወጪ ዝርዝር ካመጡላችሁ ቢሮ ተቀምጦ የተጻፈ ነው።

ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ዓይነት ከሆነ አንድ ሰው እየገፋ 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ መሙላት አለበት። በጣም ከዘገየ ወይም ብዙ ተገፍቶ ነው ውኃ የሚመጣ ከሆነ የውስጥ ጎማው አልቋል፣ አለዚያም ጉድጓዱ ደርቋል። የውኃ ኮሚቴው ስንት ብር እንደሚሰበስብና መለዋወጫ ከየት እንደሚገዛ ጠይቁ። ኮሚቴ የሌለው ፓምፕ ከምረቃው ፎቶ ብዙም አያልፍም።

ከፎገራ፦
እምቦጩን ተዉልኝ። «ይህን ያህል ቶን» ሲሏችሁ አትደነቁ፤ ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው። ሄክታሩም ቢሆን ውኃው ላይ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈው አረም በነፋስ ስለሚገፋ ዛሬ የጸዳው ዳር በሳምንቱ ተመልሶ ይሸፈናል፣ ያው ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። የተከመረው የት እንደሆነ ጠይቁ። ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር በታች ከሆነ ውኃው መልሶ ይወስደዋል፣ ቁርጥራጩም ያቆጠቁጣል።

ከሁሉ የሚከፋኝ ግን የባለቤትነቱ ነገር ነው። ገበሬው በዘመቻ ወጥቶ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በነፃ የነቀለውን አንድ ሰው «አስነቀልኩ» ብሎ ሲጽፍ ያማል። ከፍሎ ካሠራ የቀን ሠራተኞች ፊርማ ያለበት የክፍያ ዝርዝር አለ። ያንን ያሳያችሁ።

ሒሳብ ሹም፦
@ከፎገራ ትክክል ነው። ጣና ዳር፣ ሰነዱ ከተሟላም 200 ቅጂ መግዛት ግድ አይደለም። ገንዘቡን በድርጅቱ ሒሳብ ለአንድ ለተለየ ሥራ በውል ስጡ፣ ደረሰኙ በማኅበሩ ስም ይቆረጥ፣ ሁለተኛውን ክፍያ ከርክክብ በኋላ አድርጉት።