የእንጨትና የአፈር ክሮሚየም ልኬት በቀጥታ ይነጻጸራል?

ጥያቄ፦ ከአቃቂ ወንዝ ዳር የባሕር ዛፍ እንጨትና ከሥሩ ያለውን አፈር ለክሮሚየም (ከባድ ብረት ነው) አስመርምረናል። ሁለቱም በሚሊግራም በኪሎ ተጽፈዋል። ዛፉ ከአፈሩ ምን ያህል እንደወሰደ ለማወቅ የእንጨቱን ለአፈሩ ማካፈል ይበቃል?

መልስ 1፦ ሁለቱም በደረቅ ክብደት ናቸው? እርጥብ እንጨት ግማሹ ውሃ ሊሆን ስለሚችል ውጤቱ በግማሽ ይወርዳል። በ105 ዲግሪ ክብደቱ እስኪረጋ ይድረቅ።

መልስ 2፦ ናሙናውን ለማሟሟት የሚጠቀሙበት አሲድም ለውጥ ያመጣል። አኳ ሬጂያ (3 እጅ ሃይድሮክሎሪክ፣ 1 እጅ ናይትሪክ) በአፈር ሲሊኬት (የድንጋይ ማዕድን) ውስጥ የታሰረውን ክሮሚየም ሙሉ በሙሉ አያወጣም። ስለዚህ ዘዴውን ሳትጽፉ ንጽጽሩን አታውጡ።

መልስ 3፦ ናሙናው የተፈጨበት ወፍጮስ? የማይዝግ ብረት ምላጭ ራሱ ክሮሚየምና ኒኬል ይጨምራል፤ እንጨት ላይ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ደግሞም 0.5 ግራም በ50 ሚሊ ሊትር ሲቀጥን 100 እጥፍ ነው፤ መሣሪያው ከ0.01 ሚሊግራም በሊትር በታች ካላየ፣ እንጨቱ ውስጥ ከ1 ሚሊግራም በኪሎ በታች ያለው ያመልጠዋል። «አልተገኘም» የሚለውን ዜሮ አድርጋችሁ አታካፍሉ።