አትርፎ ደመወዝ መክፈል ያቃተው ድርጅት፦ መልመጃው አልገባኝም

አንደኛ ዓመት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቢዝነስ መማር ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። ገቢ፣ ወጪ፣ ትርፍ፣ ሀብት፣ ዕዳ፣ ካፒታል፣ ሁሉንም በደብተር ጽፌ ሸምድጃለሁ። ትርጉማቸውን ብትጠይቁኝ ሳልደናቀፍ እወጣዋለሁ። መልመጃ ሲሰጠን ግን ሁሉም ይደበላለቅብኛል።

ያለፈው ሳምንት ጥያቄ ይኸውላችሁ። ጠረጴዛ የሚሠራ ድርጅት በ160 ሺህ ካፒታል ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያው ወር 50 ጠረጴዛ ሠራ። የአንዱ እንጨትና ቁሳቁስ 3 ሺህ ነው፤ ሁሉንም እጅ በእጅ ከፈለ። ለኪራይና ለደመወዝ 50 ሺህ ከፈለ። ከሠራው 40ውን፣ እያንዳንዱን በ5 ሺህ ሸጠ፤ 10ሩን በጥሬ ገንዘብ፣ 30ውን በ60 ቀን ዱቤ። ገቢው ስንት ነው? ትርፉስ? የሚቀጥለውን ወር ኪራይና ደመወዝ መክፈል ይችላል?

እኔ ገቢ 50 ሺህ፣ ኪሳራ 150 ሺህ ብዬ ጻፍኩ። በቀይ ተሰረዘብኝ። መልሱ ገቢ 200 ሺህ፣ ትርፍ 30 ሺህ፣ «መክፈል ግን አይችልም» ነው አሉ። አትርፎ መክፈል አለመቻል ብሎ ነገር ምንድን ነው?

ቶሎ ጨራሽ፦

ቀላል ነው። ገቢ ማለት የሸጥሽው ነው እንጂ የተቀበልሽው አይደለም። በቃ። ወደፊት ደግሞ ዴቢትና ክሬዲት ይመጣብሻል፤ ዴቢት መጨመር፣ ክሬዲት መቀነስ ብለሽ ያዢው። እኔ በሱ ነው ያለፍኩት።

የመዝገብ ሰው፦

እህቴ፣ መምህርሽ ልክ ናቸው። አንቺም ብትሆኚ መደመርና መቀነሱን አልሳትሽም፤ ያሳሳተሽ ቃሉ ነው። «ገቢ» የምንለው ቃል ብቻውን የሦስት ቃል ሥራ ይሠራል። ባንክ ገንዘብ ስታስቀምጪ ገቢ አደረግሽ ይባላል። የወር ደመወዝሽም ገቢ ነው። ድርጅት የሸጠው ዕቃ ዋጋም ገቢ ነው። ትምህርቱ የሚፈልገው ይህን የመጨረሻውን ሆኖ ሳለ፣ ጆሯችን የለመደው የፊተኛውን ነው፤ የገባውን፣ እጅ የደረሰውን። «ወጪ»ም እንደዚያው ነው። ከኪስ የወጣ ሁሉ ወጪ ይመስለናል።

አዲስ ልጅ ወደ ክፍላችን ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው እነዚህን ሁለት ቃላት ለገንዘብ እንዳይጠቀም መከልከል ነው። ገንዘብ እጅ ሲደርስ «ተሰበሰበ»፣ ከእጅ ሲወጣ «ተከፈለ» ይበል። ገቢ የሚለውን ለሽያጭ፣ ወጪ የሚለውን ለዚያ ሽያጭ ሲባል ላለቀው ነገር ብቻ ያስቀምጠው። ሁለት ሳምንት ይንተባተባል፣ ይሳቅበታል፤ ከዚያ ይለምደዋል።

እስቲ መልመጃሽን በዚህ አፍ እንየው። የተሸጠው 40 ጠረጴዛ ስለሆነ ገቢው 200 ሺህ ነው። ለእነዚያ 40 ጠረጴዛዎች ያለቀው ቁሳቁስ 120 ሺህ ነው። እዚህ ጋ ልብ በይ፤ የተከፈለው 150 ሺህ ነበር። 30 ሺህዋ አልጠፋችም፣ ያልተሸጡ 10 ጠረጴዛዎች ሆና መጋዘን ቆማለች። ክምችት ትባላለች፤ የምትጻፈውም ከሀብት ጋር እንጂ ከወጪ ጋር አይደለም። ከ200 ሺህ 120 ሺህ ሲነሳ 80 ሺህ ጥቅል ትርፍ ይቀራል። ኪራይና ደመወዙ 50 ሺህ ሲነሳለት የተጣራው ትርፍ 30 ሺህ ነው።

ገንዘቡን ደግሞ ለብቻው ቁጠሪ። በ160 ሺህ ተጀመረ፣ 50 ሺህ ተሰበሰበ፣ 200 ሺህ ተከፈለ። የቀረው 10 ሺህ ነው። በ10 ሺህ የ50 ሺህ ኪራይና ደመወዝ አይከፈልም። 150 ሺህው ደንበኞች ጋ ነው ያለው፤ ተሰብሳቢ ሂሳብ የሚባለው እሱ ነው።

አሁን በወሩ የመጨረሻ ቀን ያለውን ሀብት ደምሪ፦ ጥሬ ገንዘብ 10፣ ተሰብሳቢ 150፣ ክምችት 30፣ በድምሩ 190 ሺህ። በሌላው ወገን ካፒታል 160፣ ትርፍ 30። 190! እኔ ይቺ ሚዛን እኩል ስትመጣ እስካሁን ደስ ይለኛል፤ ቤተሰቦቼ ይስቁብኛል።

ነገሩን እኔም በደህና መንገድ አልተማርኩትም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ለአንድ አሠሪ «ዘንድሮ በደንብ አትርፈዋል» ብዬ የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን ዘረጋሁላቸው። ሰውዬው ወረቀቱን እንኳ አላዩትም። የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ሳብ አድርገው ባዶነቱን አሳዩኝና «የታለ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ትርፉ ደንበኞች ጋና መጋዘን ውስጥ እንደነበር ቁጥሩ ያውቃል፤ እኔ ግን ከቁጥሩ ማንበብ አልቻልኩም።

አንድ ነገር ሞክሪልኝ። ድርጅቱ እንጨቱንና ቁሳቁሱን ሁሉ በ60 ቀን ዱቤ ወስዶት ቢሆንስ ኖሮ?

ቶሎ ጨራሽ፣ ወንድሜ፣ የዴቢቷን ነገር ግን አታስተምርብን። ፈተና ታሳልፍ ይሆናል፤ ሥራ ላይ ጉድ ታፈላለች።

አንደኛ ዓመት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሞከርኩት። በ160 ሺህ ተጀመረ፣ 50 ሺህ ተሰበሰበ፣ 50 ሺህ ተከፈለ፣ እጅ ላይ 160 ሺህ ቀረ። ትርፉ ያው 30 ሺህ ነው! አቅራቢዎቹ የሚጠብቁት 150 ሺህ ደግሞ ዕዳ ሆኖ ገባ። ሀብቱ 340፣ በሌላው ወገን 150 እና 160 እና 30፤ እሱም 340 መጣ። ሁለቴ ደመርኩት።

የዴቢቷ ጉድ ግን ምንድን ነው? እውነት ለመናገር እኔም እንደሱ ነበር የያዝኩት። ባንክ ገንዘብ ሳስቀምጥ ግን «ክሬዲት» የሚል መልእክት ይመጣልኛል። ክሬዲት መቀነስ ከሆነ ለምን ጨመረልኝ?

የመዝገብ ሰው፦

340ዋን ያለማንም እርዳታ ማግኘትሽ ጎበዝ የሚያሰኝ ነው። 150 ሺህዋ ተከፋይ ሂሳብ ትባላለች። ከደንበኛ የምትሰበስቢውና ለአቅራቢ የምትከፍይው ቀን ካልተጣጣመ ትርፋማ ድርጅትም ሥራው ሊቆም ይችላል።

ዴቢት ግራ፣ ክሬዲት ቀኝ ማለት ነው፤ ከዚህ የዘለለ ምሥጢር የለውም። ሀብትና ወጪ በግራ ሲጻፉ ይጨምራሉ። ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ በቀኝ ሲጻፉ ይጨምራሉ። የባንኩ መልእክት የሚጻፈው ከራሱ ከባንኩ መዝገብ ነው። አንቺ ያስቀመጥሽው ገንዘብ ላንቺ ሀብት፣ ለባንኩ ግን መመለስ ያለበት ዕዳ ነው። ዕዳው ጨመረ፣ በቀኝ ጻፈው፣ «ክሬዲት» ብሎ ነገረሽ። አንቺ በራስሽ መዝገብ ብትጽፊው ያው ገንዘብ ዴቢት ነው።

ይህ አጻጻፍ የኛ ዘመን ፈጠራ አይደለም። ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ የቬኒስ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን ዘዴ በ1494 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶታል። እሱ አልፈጠረውም፤ ነጋዴዎቹ ቀድመውት ይጽፉ ነበር።

ቶሎ ጨራሽ፦

እሺ፣ ተረታሁ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ በባንክ መልእክት ግራ የተጋባሁት ለዚህ ነው። እንግዲያው ላካክስ፤ እህቴ፣ ድርጅቱ ስንት ጠረጴዛ ቢሸጥ ነው የማይከስረውም የማያተርፈውም?

አንደኛ ዓመት፦

አንዱ ጠረጴዛ ሲሸጥ 5 ሺህ፣ ቁሳቁሱ 3 ሺህ፤ 2 ሺህ ይተርፈዋል። ቢሸጥም ባይሸጥም የማይቀረው ቋሚ ወጪ 50 ሺህ። 50 ሺህ ለ2 ሺህ ሲካፈል 25። 25 ጠረጴዛ ነዋ! ከ25 በላይ የሸጣቸው 15 ጠረጴዛዎች በ2 ሺህ ሲባዙ ያቺው 30 ሺህ ትርፍ ትመጣለች። በሌላ በር ገብቼ እዚያው ደረስኩ።

ጋሼ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ባለቤቱ በሥራው መጀመሪያ ቀን 120 ሺህ የሚያወጣ የራሱን የመጋዝ ማሽን ለድርጅቱ ቢሰጥስ? ገንዘብ አልተከፈለም፣ ወጪ አለው?

የመዝገብ ሰው፦

አለው። ማሽኑ በሀብት ይገባል፣ ካፒታሉም በ120 ሺህ ያድጋል። 5 ዓመት ያገለግላል፣ ሲያረጅም ምንም አያወጣም ብለን እንያዝ። 120 ሺህ ለ60 ወር ሲካፈል በየወሩ 2 ሺህ የእርጅና ቅናሽ ይመጣል። ዲፕሪሲዬሽን የሚሉት ይህን ነው። ማንም ከኪሱ አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ ትርፉ 28 ሺህ ይሆናል፣ ጥሬ ገንዘቡ ግን ያው 10 ሺህ ነው። የ25ቷን ነገር እንደገና አስይው፤ እሷም ከፍ ትላለች።

አንደኛ ዓመት፦

26።