ከባሕር ዳር ስፌት ወደ ውጭ ስንልክ ማጓጓዣው ከዕቃው ዋጋ በለጠ፤ ምን ይሻላል?

የሽምብጧ (ባሕር ዳር)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የምኖረው ባሕር ዳር ነው፣ ሽምብጥ አካባቢ። እናቴና ጎረቤቶቻችን ይሰፋሉ፤ እኔ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራምና በኢንስታግራም እሸጣለሁ። መሶብ አለን፣ ሙዳይ አለን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰፌድ አለን። ጣና ዳር ያለ አንድ ታንኳ ሠሪ ደግሞ ከደንገል ትንንሽ ታንኳ ይሠራልናል።

ገዢ አላጣሁም። አሜሪካም አውሮፓም ያሉ ሰዎች ፎቶውን እንዳዩ ይጽፉልኛል። «የእናቴ ቤት ትዝ አለኝ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ነገሩ የሚበላሸው «ከነመላኪያው ስንት ነው?» ሲሉኝ ነው።

በቅርቡ አንዲት ደንበኛ ትልቅ መሶብ ከነክዳኑ አዘዘችኝ። ወደ አንድ የመላኪያ ድርጅት ይዤ ሄድኩ። ሚዛን ላይ 2 ኪሎ ገደማ ነው የመዘነው። የተጠየቅኩት ግን የ14 ኪሎ ከምናምን ሂሳብ ነው። ለምን ስል «ካርቶኑ ትልቅ ነው» ተባልኩ፣ በቃ። ከዚያ በላይ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ለደንበኛዋ ስነግራት «መላኪያው ከመሶቡ ይበልጣል እኮ» አለችና ተወችው። አልፈርድባትም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ዋጋ ቀንሺ እንዳትሉኝ። እናቴ አንድ መሶብ ላይ ሳምንታት ትቀመጣለች። ስንደዶው ተለቅሞ፣ አለላው ቀለም ተነክሮ፣ በወስፌ አንድ በአንድ እየተወጋ ነው የሚያልቀው። የማጓጓዣውን ጉድለት ከእሷ ድካም ላይ ልቁረጥ ማለት አይሆንልኝም።

የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። የኪሎው ነገር እንዴት ነው የሚሰላው? ረከስ ያለ መንገድ አለ? መላኪያውን ለብቻ ነው የምትናገሩት ወይስ ከዕቃው ዋጋ ጋር አንድ ላይ? በሚሄድ ሰው ሻንጣ መላክስ ያዋጣል?


ካርጎ ቤት (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ካርጎ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ይሄን ጥያቄ ሁሌም እሰማዋለሁ፤ ቁጭ አድርገው ሊያስረዱሽ ይገባ ነበር።

አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ከክብደቱ በፊት ቦታው ነው የሚሞላው። ስለዚህ በፍጥነት የሚያደርሱት ድርጅቶች ሁለት ነገር ያያሉ፤ ሚዛኑ ያለውን ኪሎና ካርቶኑ የያዘውን ቦታ። ከሁለቱ በበለጠው ያስከፍሉሻል። የቦታው ስሌት ደግሞ አይከብድም። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ለክተሽ ታባዢዋለሽ። የመጣውን ለ5000 ታካፍያለሽ። የሚወጣው ኪሎ ነው። ለ6000 የሚያካፍሉም አሉ፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለምና ከመስማማትሽ በፊት በስንት እንደሚያካፍሉ ጠይቂ።

የአንቺ ካርቶን 40 በ40 በ45 ነበር እንበል። ሲባዛ 72,000፣ ለ5000 ሲካፈል 14.4 ኪሎ። ሂሳቡ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ሥራው እንምጣ። ያ ካርቶን ቁመቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር ባጠረ ቁጥር ከ300 ግራም በላይ ይወርድልሻል። ከሱቅ ያገኙትን ካርቶን እንዳለ የሚጠቀሙ ሰዎች ለባዶ ቦታ ነው የሚከፍሉት። ካርቶኑን በዕቃው ልክ አድርጊው። አራቱን ማዕዘን በቢላ ወደ ታች ሰንጥቀሽ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፊና አሽጊው። ስፌት እንደ ሸክላ አይሰበርም፤ ወፍራም መጠቅለያ አያስፈልገውም። ጠርዙ እንዳይጎብጥ ብቻ ጠብቂለት። በውስጡ ያለውን ክፍት ቦታም ባዶውን አትላኪው። ሙዳይ ክተችበት፣ ነጠላ ክተችበት።

ሰፌድ ላይ ግን ተስፋ አለሽ። አምስቱን ደርድረሽ 37 በ37 በ15 ካርቶን ውስጥ ብታስገቢ 4.1 ኪሎ ነው የሚመጣው። ለአንዱ ከ1 ኪሎ በታች ደረሰው ማለት ነው። መሶቡንም እግሩን፣ ገበታውንና ክዳኑን ለየብቻ ሰፍታችሁ ደንበኛው ቤት ሲደርስ የሚገጠም ብታደርጉት ብዙ ይቀንስልሻል።

ረከስ ያለ መንገድ ላልሽው፣ ፖስታ ቤትን አትርሺ። በዓለም አቀፉ የፖስታ ደንብ ትንሽ ጥቅል የሚባል አለ። ክብደቱ ከ2 ኪሎ አይበልጥም፤ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ሲደመር ከ90 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ ጎኑ ደግሞ ከ60 ማለፍ የለበትም። የሰፌዶቹን ቁጥር ቀነስ አድርገሽ በ37 በ37 በ10 ካርቶን ብታሽጊ ድምሩ 84 ነው፤ ያልፋል። ይሄኛው ይዘገያል። ለሚቸኩል ደንበኛ እዚያው ፖስታ ቤት ኢ.ኤም.ኤስ. የሚባል ፈጣን መላኪያ አለ። የሁለቱንም ዋጋ ጠይቀሽ አስተያይው፤ ምርጫውን ለገዢው ስጪ። የመከታተያ ቁጥሩንም ፎቶ አንስተሽ በዚያው ቀን ላኪላቸው፤ ዕቃው ቢዘገይም ሰው የሚረጋጋው እሱን ሲያይ ነው።


የጥለት ቤት (ባሕር ዳር)

ልጄ፣ እኔ ጋቢና ነጠላ ነው የምልከው። ሸማኔዎቼ ያሉት እዚሁና አውራ አምባ በኩል ነው። የካርጎው ልጅ ስሌቱን በደንብ አስረድቶሻል። መሶቡን ከፋፍላችሁ ስፉ ባለው ግን አልስማማም። መሶብ ምግብ ቀርቦበት፣ ሰው ከቦት የሚቆም ዕቃ ነው። ደንበኛዋ ቤት ገጥማው መወላገድ ከጀመረ የሚነሳው የእናትሽ ስም ነው። ለማጓጓዣ ተብሎ የእጅ ሥራው መበላሸት የለበትም።

እኔ ብሆን ትልቁን መሶብ ለአገር ውስጥ አደርገዋለሁ። ሠርግ አለ፣ ሆቴል አለ፣ አዲስ አበባም የባህል ምግብ ቤቱ ብዙ ነው። ወደ ውጭ የሚሄደው አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባው ይሁን። እናትሽ ሙዳይ በሦስት መጠን ትስፋ። ትንሹ በመካከለኛው፣ መካከለኛው በትልቁ ውስጥ ይግባ። ማጓጓዣው የአንዱ ነው፣ የምትሸጪው ሦስት ነው። የእሷም ድካም ያኔ ዋጋውን ያገኛል።

ሌላው፣ አንድ በአንድ አትላኪ። ትእዛዝ አጠራቅሚ። የእኔ ደንበኞች ወር ሲሞላ እንደምልክ ያውቃሉ። በአንድ ካርቶን ለአንድ የታመነ ሰው ይደርሰዋል፤ እሱ በዚያው አገር ፖስታ ያከፋፍላል። ለድካሙም እከፍለዋለሁ። በዝምድና ብቻ አድርግልኝ ካልሽው ሁለት ጊዜ ያደርግልሽና ስልክሽን ማንሳት ይተዋል።

እስከ አዲስ አበባ ያለውን ወጪም አብረሽ ቁጠሪው። በደብረ ማርቆስና በአባይ በረሃ አድርጎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን በአውቶቡስ መላክ ይረክሳል። መንገድ ሲዘጋ ግን ዕቃሽ መሃል ላይ ይቀራል፤ ያኔ ያለው አማራጭ አውሮፕላን ነው። ለደንበኛ ቁርጥ ያለ ቀን አትስጪ።

ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላሩ ምንዛሬ በገበያ ስለሆነ የመላኪያው ብር ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ዛሬ የነገርሻትን ዋጋ ከሁለት ወር በኋላ ይዛ ትመጣብሻለች። ዋጋ ስትጽፊ እስከ መቼ እንደሚጸና አብረሽ ጻፊበት።


ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

እኔ ከገዢዎቹ ወገን ነኝ፤ በዚያ በኩል ያለውን ልንገርሽ። እባክሽ አንድ ዋጋ ንገሪኝ። ዕቃው ይሄን ያህል፣ መላኪያው ይሄን ያህል ተብሎ ሲለያይ ዓይኔ መላኪያው ላይ ይቀራል። «እቤትሽ ድረስ ይሄን ያህል ነው» ስትይኝ ግን ስለ ሙዳዩ ነው የማስበው፤ የት እንደማስቀምጠው፣ ለማን እንደምሰጠው። ውስጡ ስንቱ የመላኪያ እንደሆነ ከጠየቅኩሽ በግልጽ ንገሪኝ፤ መደበቅ አያስፈልግም።

ወደ አሜሪካ ለምትልኩ ሁሉ አንድ ነገር እወቁ። እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ከፈረንጆቹ ኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ያ ቀርቷል። ለደንበኛችሁ አስቀድማችሁ ካልነገራችሁ በር ላይ ክፍያ ሲጠየቅ የሚቀየመው በእናንተ ነው። አውሮፓ ኅብረትም ከ2021 ጀምሮ በትንሹም ዕቃ ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈላል።

«ስጦታ ነው ብለሽ ጻፊበት» የሚሉሽን አትስሚያቸው። የተሸጠ ዕቃ ስጦታ አይደለም። ከተደረሰበት ዕቃው ይያዛል፣ ገዢዋም ጣጣ ውስጥ ትገባለች። ወረቀቱ ላይ «ባህላዊ ዕቃ» ብሎ ማለፍም አይበቃም። ከሣር በእጅ የተሰፋ፣ የኢትዮጵያ ምርት መሆኑን በእንግሊዝኛ አስቀምጪ። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ መለያ ስፌት 4602 ውስጥ ነው የሚመደበው፤ ቁጥሩን ጻፊበት። ሣር ስለሆነ የግብርና ፍተሻም ሊያጋጥመው ይችላል። ዘር፣ አፈር ወይም ነፍሳት እንዳይኖርበት አራግፈሽ፣ ፀሐይ አሙቀሽ ላኪ።

ስለ ሻንጣው ጠይቀሻል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚህ ሲመጣ በተራው ክፍል ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀዳል። ግን እሱ በበርበሬና በሽሮ ነው የሚሞላው፤ ለመሶብ ቦታ አይተርፍም። ሰፌድ ከሆነ ሻንጣው ግርጌ፣ ልብስ ሥር ይገባል። ለጥምቀት መጥተው ጎንደር ከርመው በባሕር ዳር የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ከኅዳር ጀምረሽ «ስትመጡ ባሕር ዳር ተረከቡ» ብለሽ ለጥፊ። መላኪያ የለም፣ ዕቃውንም በእጃቸው ዳስሰው ይገዛሉ። ለሌላ ሰው ስታሸክሚ ግን ዕቃው ተከፍቶ አይቶት ይውሰድ። ለሽያጭ የሆነ ብዙ ዕቃም ለአንድ መንገደኛ አትስጪ፤ ጉምሩክ ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ጋሼ፣ የጋቢውን ነገር ለብቻ እጽፍልዎታለሁ፤ እዚህ የሚፈልግ ሰው አለኝ።


የሽምብጧ (ባሕር ዳር)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቤት ያለውን ዕቃ በሙሉ በሜትር ለክቼ ጻፍኩት።

ጋሼ፣ እርስዎ ስለ መሶቡ ያሉትን ለእናቴ አነበብኩላት። «እውነታቸውን ነው» አለች። ትልቁን መሶብ ለአገር ውስጥ እናደርገዋለን። ሦስቱን ሙዳይም ጀምራዋለች፤ ሁለተኛው በትልቁ ውስጥ ሲገባ ክዳኑ እንዳይነካው ትንሽ ጠበብ አድርጋ እየሞከረችው ነው። ዋጋውንም ከነመላኪያው አንድ አድርጌ እጽፋለሁ። ቀረጡን ከማዘዛቸው በፊት እነግራቸዋለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ የታንኳው ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ግን አፉ ወደ ላይ ቀና ያለ ስለሆነ ካርቶኑን ያስረዝምብኛል። አንድ ጊዜ የላክሁት ጫፉ ተሰብሮ ነው የደረሰው። አፉን አሳጥረህ ሥራው ብዬ ሠሪውን መጠየቅ አልፈልግም፤ የጣና ታንኳ መልኩ እሱ ነው።


ካርጎ ቤት (አዲስ አበባ)

አሳጥረው አትበዪው። ሁለቱን አንድ ላይ ላኪ፤ የአንዱ አፍ ከሌላው ጭራ ጋር ጎን ለጎን ይተኛ። ቀና ያሉት ጫፎች በተለያየ በኩል ስለሚሆኑ አይጋፉም። 34 በ18 በ12 ካርቶን ይበቃቸዋል ብዬ አስባለሁ። በቦታ ስሌት 1.5 ኪሎ እንኳን አይሞላም። ሦስቱ ጎን ሲደመር 64 ነው፤ በትንሽ ጥቅልም ያልፋል።

የጫፉ መሰበር ከአቀማመጡ ነው። ሰው ታንኳውን በሆዱ አስቀምጦ ዙሪያውን በወረቀት ይጠቀጥቃል፤ ካርቶን ሲደራረብበት ግፊቱ በሙሉ ጫፉ ላይ ያርፋል። ካርቶን በትንሹ ቆርጠሽ በታንኳው ወገብ በኩል ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ አቁሚለት። ቁመቱ ከጫፉ በአንድ ጣት ይብለጥ። ያኔ ክዳኑ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው፣ ጫፉን አይነካውም።

ደንገሉ ደግሞ በደንብ ይድረቅ። እርጥበት ይዞ ከታሸገ መንገድ ላይ ይሻግታል፤ ፕላስቲክ ውስጥ ከሆነማ ይብሳል። በወረቀት ጠቅልይው። ፖስታ ቤት የሚነግሩሽን ዋጋ እዚህ ብትጽፊልን ጥሩ ነው፣ ከጎንደርና ከደሴም ያው ጥያቄ ያላቸው ሰፊዎች እየጻፉልኝ ነው።