የኮንክሪት ፓምፕ ለብቻዬ ልረከብ ነው፤ ለጀማሪ ኦፕሬተር ምን ትመክራላችሁ?

ጥያቄ፦ ጀማሪው ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን በኮንክሪት ፓምፕ ላይ ረዳት ነበርኩ። ቱቦ እገጥማለሁ፣ አጥባለሁ፣ ሆፐር (ኮንክሪቱ የሚገለበጥበትን ገንዳ) እጠብቃለሁ። አሁን ሪሞቱን ለብቻዬ ልይዝ ነው። መኪናው ባለ ቡም (ቱቦውን የሚሸከም ተጣጣፊ ክንድ ያለው) ነው፤ ቱቦው 125 ሚሊ ሜትር። የመጀመሪያው ሥራዬ እዚሁ አዳማ የአንድ ጂ ፕላስ ፎር ሕንፃ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ነው። ሳይቱ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የመብራት መስመር ያልፋል። በሌላ በኩል ለሴፕቲክ ታንክ የተቆፈረ 3 ሜትር ገደማ ጉድጓድ አለ። የመኪናውን መደገፊያ እግሮች የት ላሳርፍ? ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ቱቦ ከተደፈነብኝስ? ፎርማኑ «ውሃ ጨምርበት» ቢለኝ ምን ልበለው? ታላላቆቼ፣ የምታውቁትን ንገሩኝ።

መልስ፦ ባለ ቡሙ

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ሪሞቱን እጅህ ቶሎ ይለምደዋል፤ ለእሱ አትጨነቅ። እኔን የሚያስጨንቀኝ መኪናው የሚቆምበት መሬት ነው።

ጉድጓዱ 3 ሜትር ጥልቀት ካለው እግሩ ከጉድጓዱ አፋፍ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ይህ መሬቱ ጠንካራ ሲሆን ነው። ልል ወይም አዲስ የተሞላ አፈር ከሆነ ርቀቱን እጥፍ አድርገው። የአዳማ አፈር ብዙ ቦታ ላይ አመዳም ነው። ደረቅ ሲሆን ድንጋይ ይመስላል፤ ውሃ ሲነካው ግን ይከዳል። ስለዚህ የማጠቢያው ውሃ በእግሮቹ ሥር እንዳይፈስ መውረጃውን አስቀድመህ አስተካክል።

ከእግሩ ሥር አንድ ቁራጭ ጣውላ ወርውሮ መሄድ አይበቃም። ወፍራም ሞራሌ በአንድ አቅጣጫ ደርድር፤ በላዩ ደግሞ በመስቀለኛ ድገም። እግሮቹ እስከ መጨረሻው ተዘርግተው፣ መኪናው ውሃ ልክ ሆኖ ሳለ ብቻ ቡሙን ክፈት። ቡሙ ሲዞር ክብደቱ ወደ አንድ እግር ይሄዳል። ጠዋት ላይ ደህና የነበረ እግር ሥራው መሀል ሊሰምጥ ይችላል። በየመሀሉ ረዳትህ ዞሮ ይመልከታቸው።

ክብደቱን ደግሞ አትናቀው። በ125 ቱቦ ውስጥ በየአንዱ ሜትር 12 ሊትር ገደማ ኮንክሪት አለ። ያ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል፤ የብረቱ ክብደት ሳይጨመር።

ስለ መብራቱ፦ ከተማ ውስጥ የምታያቸው መካከለኛ መስመሮች ብዙውን ጊዜ ባለ 15 ሺህ ወይም ባለ 33 ሺህ ቮልት ናቸው። ቡሙ ሽቦውን ባይነካም ከተጠጋው ኤሌክትሪኩ ዘሎ ይይዘዋል። እኔ ከ6 ሜትር በታች አልጠጋም። ቦታው ያንን ካልፈቀደ አሠሪው መብራት ኃይልን አስቀድሞ ጠይቆ መስመሩ ይጥፋ። መስመሩ ካልጠፋ ሥራ የለም። ከቡሙ ጀርባ ሆኜ ርቀቱን እገምታለሁ እንዳትል፤ ሽቦውን ብቻ የሚያይ አንድ ሰው አቁም። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ ቡሙ ሽቦ ከነካ መኪናውንም፣ ጫፉ ላይ ያለውን የጎማ ቱቦም ማንም እንዳይነካ። ጋቢና ውስጥ ያለ ሰው እሳት ካልተነሳ በቀር እዚያው ይቆይ።

መልስ፦ የሳይት መሐንዲሷ

በውሃው ጉዳይ እኔ ልናገር። ፎርማኑ ውሃ ጨምር የሚልህ ኮንክሪቱ ስለደረቀበት ነው። ችግሩን አይቷል፤ መድኃኒቱን ግን ተሳስቷል። ውሃ ሲበዛ ጥንካሬው ይወርዳል። ለፓምፕም ቢሆን አይጠቅምም። ሲሚንቶውና ውሃው ቀድመው ያልፉና ጠጠሩ ኤልቦ (የቱቦው መታጠፊያ) ላይ ወይም ሪዱሰሩ (ቱቦው የሚጠብበት ክፍል) ላይ ተጠቅጥቆ ይቀራል። ስለዚህ መልስህ «እኔ ውሃ የመጨመር ሥልጣን የለኝም፤ መሐንዲሱን ጥራልኝ» ይሁን። በትህትና፣ ግን ሳታወላውል።

እውነተኛው መፍትሔ ከካስቲንጉ (ኮንክሪቱ ከሚፈስበት) ቀን በፊት ነው የሚሠራው። የጠጠሩን መጠን ጠይቅ። የተፈጨ ጠጠር ከቱቦው ዲያሜትር ሲሶ መብለጥ የለበትም። ለ125 ቱቦ ያ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እኔ ግን ለሕንፃ ሶሌታ ከ20 እስከ 25 ያለውን እመርጣለሁ። አሸዋውም ይታይ። ደቃቁ ታጥቦ ያለቀ አሸዋ ፓምፕ ያስቸግራል። በ0.3 ሚሊ ሜትር ወንፊት ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ቢያልፍ ጥሩ ነው። ስላምፑ (የኮንክሪቱ ልስላሴ ልክ) ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል። ለሙቀቱ የመጠንከሪያ ጊዜ የሚያዘገይ ኬሚካል ከማምረቻው ይጨመር።

የአዳማን ጠባይ ታውቀዋለህ። ፀሐዩም ነፋሱም አንድ ላይ ነው። እነዚያ የነፋስ ተርባይኖች እኮ በከንቱ አልተተከሉም። ነፋሱ ኮንክሪቱን ከሙቀቱ እኩል ያደርቀዋል። ካስቲንጉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቢጀምር ግማሹ ጭንቀትህ ይቀላል። ሚክሰሮቹ በጣም ተራርቀው ከመጡብህ ደግሞ ቱቦ ውስጥ ያለው እየቆመ ይደርቃል። ውሃ ሲሚንቶውን ከነካበት ጊዜ ጀምሮ 90 ደቂቃ የተለመደው ገደብ ነው፤ በሙቀት ጊዜ ከዚያም ይጠር። የመንገድ መዘጋጋት ካለ ለማምረቻው ቀድመህ ደውል።

መልስ፦ ረዳት የነበረ

ቱቦ ሲደፈን በሪቨርስ (ፓምፑን ወደኋላ እያሠራህ) መልሰው። ካልተከፈተ ክላምፑን (የቱቦዎቹን መጋጠሚያ ማሰሪያ) ፈትተህ በፌሮ ጎርጉረው። እኛ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምናደርገው።

መልስ፦ መካኒኩ

ወንድሜ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፤ ግን መሀል ላይ የዘለልከው ነገር ሰው ይገድላል። ቱቦው ውስጥ ግፊት ካለ ክላምፑ ሲፈታ ኮንክሪቱ ፊት ላይ ይፈነዳል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። የግፊት መለኪያው ሲወጣ ካየህ ወዲያው አቁም። በኃይል ለመግፋት አትሞክር፤ ድፍኑን ይበልጥ ትጠቀጥቀዋለህ። ሁለት ሦስት ምት በሪቨርስ መልሰው፣ ቀስ ብለህ ወደፊት ሞክር። እምቢ ካለ ድጋሚ መልስ። ይህን ሁለቴ አድርገህ ካልተከፈተ ድፍኑ ያለበትን ቦታ ፈልግ። ቱቦውን በመዶሻ ቀለል አድርገህ ንካው፤ የተጠቀጠቀበት ቦታ ድምፁ ድፍን ነው። ለመፍታት ስትወስን በሪቨርስ ግፊቱን አውጣ፣ ፓምፑን አጥፋ፣ መለኪያው ዜሮ መሆኑን እይ። ክላምፑን ስትፈታ ከጎን ቁም፤ አፉ ፊት ለፊት ማንም አይቁም። መነጽር አድርግ። የሲሚንቶ ውሃ ዓይን ያቃጥላል።

ከሥራ በፊት ሁለት ነገር ብቻ ብታይ፦ አንደኛ፣ የውሃ ሳጥኑ። ውሃው ሲሚንቶ ከመሰለ የኮንክሪት ፒስተኑ ጎማ አልቋል። ዘይት ካንሳፈፈ ያለቀው የሃይድሮሊኩ ሲል (ማሸጊያ) ነው። ሁለተኛ፣ ቱቦዎቹ። ኤልቦ በውጭ በኩል ቀድሞ ይሳሳል። የሳሳ ቱቦ በግፊት ይፈነዳል። በመለኪያ አስለካ፤ አልቋል ከተባለ አትበየደው፣ ቀይረው። የክላምፖቹ ፒን ሳይገባ ፓምፕ አትጀምር። የሆፐሩን ወንፊት ደግሞ ማንም እንዳያነሳው። ከሥሩ የሚዞረው መቀላቀያና ቫልቩ እጅ ይቆርጣሉ።

ጥያቄ፦ ጀማሪው ከአዳማ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጎማ ቱቦውን ጫፍ የሚይዙት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ ፓምፕ አያውቁም። ለእነሱስ ምን ልበላቸው? ስጨርስ ቱቦውን በአየር ባጥብ ይሻላል ወይስ በውሃ?

መልስ፦ ባለ ቡሙ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሥራ ሲጀመር፣ ቆሞ ሲቀጥል፣ ድፍን ሲከፈት፣ ቱቦው ውስጥ አየር ይታመቃል። ያ አየር ሲወጣ ጎማው እንደ ጅራፍ ይገረፋል። እኔ ባለሁበት ሳይት አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት ከሶሌታው ጠርዝ ሊወድቅ ለጥቂት ነው የተረፈው። ስለዚህ ኮንክሪቱ እየተንፎለፎለ ያለማቋረጥ እስኪወርድ ድረስ ጎማውን ማንም አይያዝ፤ ሰው ሁሉ ጎማው ከሚደርስበት ርቆ ይቁም። ጎማው አይታጠፍ። ጫፉ ላይ ብረት አይታሰር። ሆፐሩ ውስጥ ያለው ኮንክሪት ወርዶ ፓምፑ አየር እንዳይስብ ረዳትህ ዓይኑን አይንቀል፤ አየሩ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ነው። ሠራተኞቹን ጠዋት ሰብስበህ በሚገባቸው ቋንቋ ንገራቸው። አንዱ ቢያንስ በኦሮምኛ ያስረዳልህ። የእጅ ምልክት ተስማሙ፤ «አቁም» የሚለውን ምልክት ማንም ቢያሳይ ታቆማለህ።

መጀመሪያ የሚገባው የቱቦ ማለስለሻ ሞርታር (የሲሚንቶና አሸዋ ድብልቅ) ኮለን ወይም ቢም ውስጥ አይፍሰስ። በጋሪ ተቀብለው ያውጡት።

እጥበቱን በተመለከተ፦ በአየር አትጠብ። የታመቀ አየር ቱቦውን የሚያጸዳውን የስፖንጅ ኳስ እንደ ጥይት ይተኩሰዋል። ለቡም ቀላሉ መንገድ ኳሱን ከጎማው ጫፍ አስገብቶ በሪቨርስ መምጠጥ ነው። ሆፐሩ አጠገብ ማንም አይቁም። ከዚያ ሆፐሩንና ቫልቩን በውሃ አጥባቸው። ወንፊቱን ማንሳት ግድ ከሆነብህ ሞተሩ ይጥፋ፣ የአኩሙሌተሩ (የሃይድሮሊክ ግፊት የሚያጠራቅመው ዕቃ) ግፊት ይውጣ፣ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ይሁን። የተረፈውን ኮንክሪት የሚደፋበትን ቦታ ከጠዋቱ ጠይቅ፤ ማታ ሲመሽ የጎርፍ ቦይ ውስጥ ድፋ የሚል ሰው አይጠፋም።