የልጄ ቡድን አውቶቡስ በረዶ ላይ ቀረ፤ ሄጄ ላምጣው ወይስ ልተወው?

የሲየናው አባት | ሐሙስ፣ ማታ 11፡20

ሰላም ወገኖች። እንቅልፍ እንቢ ቢለኝ ነው የምጽፈው። ሚስቴ ሳሎን ቁጭ ብላ በየአምስት ደቂቃው «ደወለ?» ትለኛለች። ሰዓቱን በፈረንጅ ነው የማስቀምጠው፤ አለዚያ እኔም እናንተም እንምታታለን።

ልጄ ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነው። ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ዲቪዥን ስሪ ናቸው። ለማያውቅ፣ ለኳስ ብሎ አንድ ሳንቲም ስኮላርሺፕ የማይሰጥበት ማለት ነው። ክፍያውን የምንችለው እኔና ታክሲዬ ነን። ዘንድሮ ማንም ሳይጠብቃቸው ለአገር አቀፉ ውድድር አለፉ። 64 ቡድን ይገባል፤ አራት አራት እየሆኑ አንድ ኮሌጅ ጂም ውስጥ ይገናኛሉ። የተሸነፈ በዚያው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ነው። የእነሱ ኒው ዮርክ ስቴት፣ ሲራኪዩዝ አካባቢ ነው የደረሳቸው። ጨዋታው ነገ አርብ ማታ 5፡30።

ዛሬ ከቀኑ 1፡00 ላይ ተነሱ። መንገዱ 81 ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሄዝልተን የምትባል ከተማ ጋ ሲደርሱ፣ 5፡30 ላይ፣ አውቶቡሱ ቀጥ አለ። በረዶው ይወርዳል። ማሞቂያው አብሮ ጠፋ። ጎታች እስኪመጣ ሁለት ሰዓት፣ እስኪሠራ ደግሞ ሦስት ሰዓት። እነዚያ ረጃጅም ልጆች ሁሉ አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ፣ ከቡና ማሽኑ ሥር ወለሉ ላይ ተደርድረው አመሹ። ፎቶ ልኮልኛል። እግራቸው መተላለፊያውን ዘግቶታል።

ሁዳዴ ነው፤ ልጄ ይጾማል። አሰልጣኙ ለሁሉም ፒዛ አዘዘ። የኔው ልጅ ኦቾሎኒና ቺፕስ በላ። እናቱ አውቶቡሱ ተሰበረ ስትባል ጸጥ ያለችው ሴትዮ እዚህ ላይ ስትደርስ አለቀሰች።

አሁን እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። 10፡30 ላይ አውቶቡሱ ተሠራ። ሞተሩ ይነሳል! ሹፌሩ ግን «ሰዓቴ አልቋል» ብሎ ሞቴል አስገባቸው። የቀረው መንገድ ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። እኔ ሃያ ዓመት ታክሲ ስነዳ ተሳፋሪ መንገድ ላይ ጥዬ አላውቅም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ካልደረሱ በፎርፌ ይወድቃሉ? ደግሞስ ከቤቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አሁን ብነሳ፣ ልጄንና ሁለት ሦስት ጓደኞቹን በቶዮታ ሲየና መኪናዬ ጭኜ ባደርሳቸው ምን ችግር አለው? ሚስቴ ምስር ወጡን እያሞቀች ነው።

18 ጎማ | ሐሙስ፣ ማታ 11:41

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ መልሰው።

እኔ ትሬለር ነው የምነዳው። 81ን እንደ ጓሮዬ አውቀዋለሁ። ሄዝልተንን አልፈህ ወደ ስክራንተን ስትወጣ ያለው ቁልቁለትና ዳገት በዚህ ሰዓት ለሲየና አይሆንም።

ሹፌሩን ግን ተወው፤ አልበደለህም። ሰው የሚጭን ሹፌር 8 ሰዓት ካረፈ በኋላ መንዳት የሚችለው 10 ሰዓት ነው። ሥራ ላይ 15 ሰዓት ከሞላው ደግሞ ያንን 10 ሰዓት ባይነዳውም መሪ መያዝ አይችልም። እኛ ጭነቶቹ 11 እና 14 ነን። ያ ሰውዬ ከእነልጅህ በፊት ጠዋት ሌላ ሰው አድርሶ ከሆነ፣ ቀኑ የጀመረው ያኔ ነው። ጎታች ሲጠብቅ ብርድ ላይ የቆመበትም ሰዓት ሥራ ተብሎ ይቆጠራል። አንተ «ቆሞ ነበር» ትላለህ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ማሽን ግን ደቂቃ አትምርም። አልፎ ቢነዳና አንድ ነገር ቢፈጠር፣ እሱም ፈቃዱም አለቁ።

አየር ሳይታሰብ ከተበላሸ ሁለት ሰዓት መጨመር የሚያስችል አንቀጽ አለ። ግን ይሄ በረዶ ሳይነሱ በፊት የተነገረ ነው። በዜና የተነገረ በረዶ «ሳይታሰብ» አይባልም። የሞተ ሞተር ደግሞ አየር አይደለም።

ሂሳቡን ልሥራልህ። ማታ 11 ላይ ከተኛ ጠዋት 7 ላይ ነጻ ነው። ሦስት ሰዓት ነድቶ 10 ላይ ይደርሳሉ። ጨዋታው 5፡30። ምን ሆነህ ነው?

የሚያሰጋህ ሌላ ነገር ነው። ፔንሲልቬንያ በረዶ ሲከፋ መንገዱን በደረጃ ይዘጋዋል። አምስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ባዶ ትሬለርና ሞተር ሳይክል ያስቆማሉ። እየከፋ ሲሄድ የንግድ መኪና በሙሉ ይቆማል፤ አውቶቡስም እዚያ ውስጥ ነው። አምስተኛው ላይ ያንተም ሲየና ትቆማለች። ክፍት የሆነው ላይም ፍጥነቱን 45 ማይል ያደርጉታል። ጠዋት እሱን ነው ማየት ያለብህ።

ፎጣ ሰብሳቢዋ | ሐሙስ፣ ማታ 11፡58

ጋሼ፣ ኮሌጅ እያለሁ ሦስት ዓመት የቡድን ማናጀር ነበርኩ። ማናጀር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስልዎት። ፎጣ መሰብሰብ፣ ውሃ መሙላት፣ ማልያ ማጠብ።

ልጁን ብቻውን ነጥለው አይውሰዱት። በኛ ጊዜ አንድ ተጫዋች ከቡድኑ ተለይቶ በወላጅ መኪና ለመሄድ ወረቀት ተፈርሞ፣ ከአትሌቲክስ ቢሮው ተፈቅዶ ነበር። በእኩለ ሌሊት ማን ይፈርምልዎታል? ጓደኞቹን መጫንማ ጭራሽ አያስቡት። አንድ ነገር ቢደርስ ኢንሹራንሱ የማን ነው?

ስለ ፎርፌው፣ አዘጋጆቹ መጀመሪያ የሚያደርጉት ሰዓቱን መግፋት ነው። ጨዋታ ሳይደረግ የቀረበት ጊዜ አለ፤ በ2021 ቪሲዩ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ከኦሪገን ሊጫወት ሰዓታት ሲቀሩት በኮቪድ ምክንያት ተሰርዞ ኦሪገን አልፏል። ያ ግን ወረርሽኝ ነው። ለመንገድ መዘግየት ብሎ ቡድን የሚያባርር አዘጋጅ እኔ አላየሁም። ትልልቆቹም ይቸገራሉ። በ2024 ዩኮን፣ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ፣ ለፋይናል ፎር (የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ጨዋታ) ወደ ፊኒክስ ሊበር አውሮፕላኑ ተበላሽቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲንከራተቱ ፊኒክስ የገቡት ሊነጋ ሲል ነው። ከዚያ አላባማን 86 ለ 72፣ ፐርዱን 75 ለ 60 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ጫማው ረጥቧል? በበረዶ የረጠበ የጨዋታ ጫማ የሞቴል ሂተር ላይ እንዳያስቀምጠው። ሙጫው ይለቃል፣ ሶሉ በጨዋታ መሀል ይገነጠላል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሞቴሉ እንግዳ መቀበያ ጋዜጣ ይለምንና ውስጡ ይጠቅጥቅበት። በሁለት ሰዓቱ ያውጣና ደረቅ ይቀይር። ማልያዎቹ ያሉበት ሻንጣም አውቶቡሱ ሆድ ውስጥ ከቀረ አሁኑኑ ይውጣ። እኔ ያንን ሻንጣ ከእግሬ ሥር ለይቼው አላውቅም።

ጋሽ ፓርኪንግ | አርብ፣ ሌሊት 12፡15

ማልያ ስትይ አስታወስሽኝ።

በ2017 ዲሲ ቻይናታውን ጋ ነበር የምሠራው፣ ከአሬናው ሁለት ብሎክ። ያኔ ቬራይዞን ሴንተር ነው ስሙ፤ አሁን ካፒታል ዋን። ማርች ላይ ቢግ ቴን የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ ውድድር እዚያ ነበር። እንደዛሬው ሁዳዴ ነው፣ ብርድ ነው፣ እኔ ዳሴ ውስጥ ቆሜ ሬዲዮ እሰማለሁ። የሚሺጋን ቡድን አውሮፕላን ሊነሳ ሲል ከመንደርደሪያው ወጣ አሉ። ማርች 8 ነው። ነፋሱ ሌላ ነው ያን ቀን። 116 ሰው ውስጡ አለ። አጥር ጥሶ ነው የቆመው። አንድ ሰው ቀላል ጉዳት ደረሰበት እንጂ ሁሉም ተረፈ።

እኔ በቃ አይመጡም ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት የዲትሮይት ፒስተንስን፣ የኤንቢኤውን ቡድን፣ አውሮፕላን ተውሰው መጡ! ሻንጣቸው የተጎዳው አውሮፕላን ውስጥ ስለቀረ የልምምድ ማልያ ለብሰው ገቡ። ስም የለውም ጀርባው ላይ። ኢሊኖይን 75 ለ 55 አራገፉት። ከዚያ ፐርዱ፣ ከዚያ ሚኒሶታ፣ እሑድ ዊስኮንሲን 71 ለ 56። አራት ቀን አራት ጨዋታ። ስምንተኛ ተብሎ የገባ ቡድን ዋንጫ ይዞ ወጣ። የቢጫ ኮፍያ ብዛት፣ ያን እሑድ ማታ አንዱ ደጋፊ ሃያ ብር ጉርሻ ሰጠኝ። ዶላር ማለቴ ነው፤ ይሄ ምላስ አሁንም ብር ይላል።

የሲየናው፣ ልጅህ ነዳጅ ማደያ ወለል ላይ ነው ያመሸው። እሱ ምንም አይደለም።

ሌሊት ፈረቃ ዳላስ | አርብ፣ ሌሊት 1:05

ጋሽ ፓርኪንግ፣ ነፋሱ ነው ያልከው ትክክል ነው፤ ግን ነፋሱ ጉዳቱን ያደረሰው ገና ቆሞ እያለ ነው። አውሮፕላን ጥገና ላይ ነኝና ይሄን ታሪክ እኛ ዘንድ ሁሉም ያውቀዋል።

አውሮፕላኑ ኤምዲ-83 ነው። ጭራው ላይ ካለው አግዳሚ ክንፍ ኋላ ኤሌቬተር የሚባል ተንቀሳቃሽ ሳንቃ አለ። አፍንጫው የሚነሳው በእሱ ነው። በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ፓይለቱ መሪውን ሲስብ ኤሌቬተሩን በቀጥታ አያንቀሳቅሰውም። ጠርዙ ላይ ያለች ትንሽ ታብ ያንቀሳቅሳል፤ በበረራ ፍጥነት አየሩ ታቧን ሲገፋ ኤሌቬተሩ ይከተላል። ስለዚህ መሬት ላይ ኤሌቬተሩ እንዳልተቆለፈ በር በነፋስ ይወዛወዛል። አጠገቡ ትልቅ ሃንጋር ነበር፤ ነፋሱ በሱ እየተጠማዘዘ መጥቶ የቀኙን ኤሌቬተር ከልክ በላይ ገፋው፣ ማያያዣው ተጣመመና ተቀረቀረ። ኮክፒት ውስጥ ግን መሪው እንደ ወትሮው ይንቀሳቀሳል። ፓይለቶቹ ፈትሸው ሊያውቁት አይችሉም።

ካፒቴኑ ሲስብ አፍንጫው እምቢ አለ። ያኔ መቆም አይቻልም ከሚባለው ፍጥነት አልፎ ነበር። መመሪያው በዚያ ፍጥነት «ተነሳ» ነው የሚለው። የማይነሳ አውሮፕላን ግን ምን ይደረጋል? ቆረጠና አቆመው። አጠገቡ የነበረው ፈታኝ ፓይለትም ውሳኔውን ሊቀለብስ አልሞከረም። መርማሪዎቹ ሁለቱንም አመስግነዋል። ከመንደርደሪያው ጫፍ ወዲያ ያለው ባዶ ሜዳም በደንቡ ልክ የተሠራ ነበር። ባይሆን ኖሮ ጋሽ ፓርኪንግ ያንን ሃያ ዶላር አታገኛትም።

የሲየናው አባት | አርብ፣ ማታ 11፡10

ወገኖች፣ ከሲራኪዩዝ ነው የምጽፈው። ሌሊት አልወጣሁም፤ 18 ጎማን ሰማሁ። ጠዋት 7 ላይ ግን መተኛትም መቀመጥም ስላቃተኝ ከሚስቴ ጋር ተነሳን። ሄዝልተን አልቆምንም።

18 ጎማ እንዳለው ሆነ። ጠዋት በዚያ በኩል የንግድ መኪና ከልክለው ነበር፤ የኛ ዓይነቱ በ45 ማይል እየተንፏቀቀ ያልፋል። አውቶቡሱ እስከ እኩለ ቀን አለፍ ድረስ ከሞቴሉ አልወጣም። ስለዚህ እኔ ልጄን ላድን የወጣሁት ሰውዬ 4 ሰዓት ላይ ጂሙ በር ላይ ቆሜ እጠብቀው ነበር። እነሱ 4፡40 ላይ ደረሱ። ጨዋታውን ወደ 6 ገፉላቸው።

ሹፌሩ ከኔ ይበልጣል በዕድሜ። ልጆቹ ሲወርዱ ከታች ቆሞ እያንዳንዱን ክንዱን እየያዘ ያወርዳል፣ ደረጃው በረዶ ይዟል። ትናንት ስረግመው ያመሸሁት ሰው ነው። ምን እንደምለው ጠፋኝ። ሚስቴ ቀደመችኝ። በፎይል የጠቀለለችውን አንዱን አወጣችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ምስሩ በጣቱ መሀል እየፈሰሰ፣ ሁለት እንጀራ በላ። «ትኩስ ነገር ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ታክሲ እንደምነዳ ነገርኩት። ስለ ሰዓቱ ግን አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ጫማው ረጥቦ ነበር፣ ፎጣ ሰብሳቢዋ። ሌሊቱን ጋዜጣ ሲቀያይር አደረ። የሞቴሉ ጋዜጣ ሲያልቅ የፒዛ ካርቶን ቀደደ።

ተሸነፉ። 71 ለ 64። መጀመሪያው አጋማሽ ላይ እግራቸው አልነቃም ነበር፤ 15 ነጥብ ተመሩ። ኋላ ላይ እስከ አራት አጠበቡት። የኔው ስድስት ደቂቃ ገባ፣ ሁለት ፍሪ ስሮው አገባ፣ አንዱ ግዙፍ ጎትቶ ጣለው፣ ተነሳ። እናቱ ሜዳው ድረስ ልትገባ ነበር።

ነገ በአውቶቡሱ ነው የሚመለሰው። «ከኔ ጋር ና» ብለው «ከልጆቹ ጋር ነው የምሄደው» አለኝ። እኛ ሞቴል ይዘናል። ዘጠኝ ሰዓት ነድቻለሁ፣ የኔም ሰዓት አልቋል።

18 ጎማ | አርብ፣ ማታ 11፡14

ምስሩ ተረፈ?

የሲየናው አባት | አርብ፣ ማታ 11:16

አንድም ጭልፋ። አሰልጣኙ ሳይቀር በላ።